«ሻል» ስለተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ፍችና አገልግሎት
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




የዛሬው ንግግሬ ርእስ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። መሐንዲስ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት፣ ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ይናገር እንጂ ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ምን አግብቶት ይናገራል የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ሙያችን ከምናስበው በላይ በቃል ላይ የቆመ ነው። አንድ ሕንፃ በመሬት ላይ ከመቆሙ በፊት በወረቀት ላይ ይቆማል። ሥዕሉ ቁመቱንና ውፍረቱን፣ የብረቱን ብዛትና ርቀት ያሳየናል። ማን ምን እንዲሠራ፣ መቼ እንዲሠራ፣ ሳይሠራ ቢቀር ማን እንዲጠየቅ የሚወስነው ግን ከሥዕሉ ጋር ተጠርዞ የሚመጣው ጽሑፍ ነው። ይህም ጽሑፍ በአገራችን በአብዛኛው የሚዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው።

በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ውስጥ በየዐረፍተ ነገሩ እየተመላለሰ የምናገኘው አንድ አጭር ቃል አለ፤ እርሱም «ሻል» የተባለው ነው። ለአማርኛ ጆሮ ድምፁ መልካም ነው፤ ከሕመሙ ለሚያገግም ሰው «ዛሬስ ሻል ብሎታል» እንላለንና። የእንግሊዝኛው «ሻል» ግን ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በትምህርት ቤት ሳለን የወደፊት ጊዜን ያመለክታል ተብለን ተማርነው፤ ሥራ ስንጀምር ደግሞ የግዴታ ምልክት ሆኖ ጠበቀን። በአንድ ቦታ ትንቢት፣ በሌላ ቦታ ግብዣ፣ በሌላም ቦታ ትእዛዝ ነው። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ይህን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልስ ግዴታውን ከነባለ ዕዳው አብረን ካላሻገርነው በሥራ ቦታ ላይ ያለ ባለቤት ይቀራል የሚል ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

የቃሉ ትውልድ

«ሻል» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የተወረሰ ግሥ ነው። በዚያ ዘመን ፍችው «ዕዳ አለብኝ» ማለት ነበር። ሰው ለሌላ ሰው የሚከፍለው ነገር ሲኖርበት በዚህ ግሥ ይናገር ነበር። የጀርመንኛው ዘመድ ዛሬም ምስክር ነው፤ «ሶለን» የሚለው ግሥ መገደድን ሲያመለክት፣ ከዚያው ሥር የወጣው «ሹልት» የሚለው ስም ዕዳንም በደልንም ያመለክታል። የቃሉ ባልንጀሮች የሆኑት ሌሎቹ ረዳት ግሦችም እንደዚሁ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥንታዊ ፍች ነበራቸው። «ዊል» መፈለግ፣ «ካን» ማወቅ፣ «ሜይ» ኃይል ማግኘት ማለት ነበሩ። እንግዲህ ዛሬ በየገጹ የምናያቸው እነዚህ አራት ትናንሽ ቃላት ከዕዳ፣ ከፈቃድ፣ ከዕውቀትና ከኃይል የተወለዱ ናቸው።

ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ከአሁን በኋላ በሚመጣው ጊዜ ነውና፣ «ሻል» ቀስ በቀስ ከዕዳ ወደ መጪ ጊዜ አዘነበለ። ግዴታና ትንቢት በአንድ ቃል ውስጥ ተዳብለው መኖር የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው። የችግሩም ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው።

ይህን ችግር በደንብ ለመፍታት ከሞከሩት አንዱ የቋንቋ ሰው ሳይሆን የሒሳብ ሊቅ መሆኑ ለእኛ ለመሐንዲሶች ሳያስደስተን አይቀርም። በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ መምህር የነበረው ጆን ዋሊስ፣ ለወሰን የለሽ ቁጥር የምንጠቀምበትን ምልክት በ1655 ያወጣው ሰው፣ ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ በ1653 የእንግሊዝኛ ሰዋስው በላቲን ጽፎ አሳተመ። በመጽሐፉም ለ«ሻል» እና ለ«ዊል» ደንብ አበጀ። ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲናገር «ሻል» የሚሆነውን መንገር ብቻ ነው፤ «ዊል» ግን ተስፋ ወይም ዛቻ ነው። ስለ ሌላ ሰው ሲናገር ነገሩ ይገለበጣል፤ «ዊል» የሚሆነውን ይነግራል፣ «ሻል» ግን ተስፋ ይሰጣል ወይም ይዝታል።

የእንግሊዝ መምህራን ይህን ደንብ ለተማሪዎቻቸው ለማስረዳት አንድ ቀልድ ነበራቸው። እንግሊዝኛን በቅጡ ያልተማረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። «ልሰምጥ ነው፤ የሚያድነኝም የለ» ብሎ መጮህ ሲፈልግ ሁለቱን ቃላት አዘዋወረና «መስጠም እፈልጋለሁ፤ ማንም እንዳያድነኝ» ብሎ ጮኸ። በዳር የቆሙትም ጨዋ ሰዎች ስለነበሩ ፈቃዱን አክብረው ቆመው አዩት ይባላል። ቀልድ ቢሆንም በውስጡ ትምህርት አለ፤ የአንድ ረዳት ግሥ ለውጥ ልመናን ወደ ክልከላ ሊለውጥ ይችላል።

በዕለት ተዕለት ንግግር

የዋሊስ ደንብ በመጽሐፍ ሲኖር፣ ሕዝቡ በአፉ ሙሉ በሙሉ ተከትሎት አያውቅም። በዛሬው ንግግር ውስጥ «ሻል» በተለይ በአሜሪካኖች ዘንድ እምብዛም አይሰማም። በሕይወት ያለው በዋናነት በጥያቄ ነው። አንድ እንግሊዛዊ ባልደረባ «ሻል አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው» ቢለን መስኮቱን ወደፊት ይከፍት እንደሆነ ትንቢት እንድንነግረው አይደለም፤ «መስኮቱን ልክፈተው?» ማለቱ ነው። «ሻል ዊ ጎ» ሲልም «እንሂድ?» ማለቱ ነው። አማርኛ ለዚህ አገልግሎት የተለየ የግሥ ቅርጽ ስላለው እዚህ ላይ አንቸገርም። ልብ ልንለው የሚገባው፣ በዚህ አጠቃቀም «ሻል» ፍጹም የትሕትና ቃል መሆኑን ነው፤ ውሳኔውን ለሰሚው ይተዋል።

ከጥያቄ ውጭ ሲነገር ደግሞ ክብደት ያለው፣ ወደ መሐላ የሚጠጋ ቃል ነው። ጄኔራል ዳግላስ ማካርተር በ1942 ከፊሊፒንስ ወጥቶ አውስትራሊያ ሲደርስ እንደሚመለስ የተናገረው በዚህ ቃል ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የማስታወቂያ ሰዎች «እኔ» የሚለው «እኛ» ተብሎ እንዲለወጥ ቢጠይቁትም እምቢ አለ። በጥቅምት 1944 በሌይቴ ደሴት ሲወርድ ዓለም ሁሉ ያን ቃል አስታወሰ። እንደ ትንቢት የተነገረ ቢሆን ኖሮ ማንም ባላስታወሰው፤ ሰው የያዘው በገዛ ፈቃዱ በራሱ ላይ የጫነው ዕዳ ስለነበር ነው።

በሕግ ውስጥ

በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዐሥሩን ትእዛዛት የሚያስተላልፈው በዚህ ቃል ነው። የእኛ መጽሐፍ ያንኑ በቀጥተኛ የትእዛዝ ግሥ ይለዋል። ከዚያ ዘመን ወዲህ የእንግሊዝኛ ሕግ አርቃቂዎች ጽሑፋቸው ሕግ ሕግ እንዲሸት ሲፈልጉ «ሻል»ን በየዐረፍተ ነገሩ መሰግሰግ ልማድ አደረጉት። ነገር ግን ቅመም ሲበዛ ጣዕሙ ይጠፋል። ቃሉ ለግዴታም፣ ለመግለጫም፣ ለትርጓሜም፣ ለመጪ ጊዜም እየገባ ሲሄድ ግዴታው ከየትኛው ላይ እንዳረፈ ለማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 በሰጠው አንድ ውሳኔ ላይ ቃሉ በአብዛኛው ግዴታን ቢያመለክትም፣ የሕግ ጸሐፊዎች አንዳንድ ጊዜ ለምክር፣ ለመጪ ጊዜ፣ እንዲያውም ለፈቃድ ጭምር ሲጠቀሙበት እንደሚገኙ አመልክቷል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ አንድ አሳዛኝ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1999 በአሜሪካ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ካስል ሮክ በምትባል ከተማ፣ አንዲት እናት ባሏ ወደ እርሷና ወደ ልጆቿ እንዳይቀርብ የሚከለክል የፍርድ ቤት ትእዛዝ በእጇ ነበራት። ባልየው ሦስቱን ሴቶች ልጆች ይዞ ሄደ። እናቲቱ ደጋግማ ለፖሊስ አመለከተች፤ ፖሊስ ግን አልፈለገውም። በዚያው ሌሊት ሦስቱም ልጆች ሞተው ተገኙ። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ፖሊስ ትእዛዙን ለማስፈጸም የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርግ የሚያዝዘው «ሻል» በሚለው ቃል ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2005 በ7 ድምፅ በ2 ተወሰነ፤ የፖሊስ ሥራ ከጥንት ጀምሮ በራሱ ማመዛዘን የሚመራ ስለሆነ በዚህ ሕግ ውስጥ ያለው «ሻል» የማያወላውል ግዴታ አያቋቁምም ተባለ። በውሳኔው የተስማሙም ያልተስማሙም አሉ፤ ለእኛ የሚበቃን ግን በወረቀት ላይ ግዴታ የሚመስለው ቃል በችግር ቀን ግዴታ ሳይሆን ሊገኝ መቻሉ ነው።

በዚህ ምክንያት ቃሉን ከነጭራሹ እንተወው የሚል እንቅስቃሴ ተነሣ። የአውስትራሊያ ፌዴራላዊ ሕግ አርቃቂዎች በምትኩ «መስት» የሚለውን ይጠቀማሉ። የአሜሪካ መንግሥትም ግልጽ አጻጻፍን የሚያዝ ሕግ በ2010 አውጥቷል፤ ለመሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀውም መመሪያ «ሻል»ን ትታችሁ «መስት» በሉ ይላል። ይሁን እንጂ መተዉም የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ በ2007 ቋንቋው ሲታደስ፣ በ56ኛው ደንብ ውስጥ የነበረው «ሻል» ወደ «ሹድ» ተለወጠ። ይህ ለውጥ የፍሬ ነገር ለውጥ ይመስላል የሚል ክርክር ስለተነሣ በ2010 ወደ ነበረበት «ሻል» ተመለሰ። ሊቃውንቱ አንዲት ቃል ለውጠው በ3 ዓመት መልሰዋታል ማለት ነው።

በመሐንዲስ ጽሑፍ ውስጥ

የሕግ ሰዎች በዚህ ሲጨነቁ መሐንዲሶች ሌላ መንገድ መረጡ። ቃሉን ከመሻር ይልቅ ፍችውን ወሰኑለት። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይሶ ደረጃዎች በሚጻፉበት መመሪያው ውስጥ አራት ቃላትን ለአራት አገልግሎት ለይቷል። «ሻል» መሟላት ያለበት ነገር ነው፤ ካልተሟላ ሥራው ደረጃውን አላሟላም። «ሹድ» ምክር ነው። «ሜይ» ፈቃድ ነው። «ካን» የሚቻል ነገር መኖሩን መግለጫ ነው። የኢንተርኔትን አሠራር የሚደነግጉ መሐንዲሶችም በመጋቢት 1997 እንዲሁ ያለ የቃላት ውሳኔ አውጥተው «ሻል» ከ«መስት» ጋር እኩል ግዴታ መሆኑን አስታውቀዋል። በ1913 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ እኛ ፊዲክ የምንለው፣ በ2017 ባወጣው የውል ቅጽ «ሻል» የተባለበት ወገን በውሉ መሠረት ግዴታ እንዳለበት፣ «ሜይ» የተባለበት ወገን ግን ማድረግም አለማድረግም ምርጫው መሆኑን በግልጽ ጽፏል።

የዚህን ውሳኔ ዋጋ የሚያውቀው ክስ የገጠመው ነው። በ1999ኙ የፊዲክ ቅጽ ሥራ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ ይገባኛል ብሎ የሚያምን ከሆነ፣ ምክንያቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ለመሐንዲሱ ማስታወቅ አለበት፤ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። ይህ ግዴታ የተጻፈው በ«ሻል» ነው። ቃሉን እንደ መልካም ምክር ያነበበ ሥራ ተቋራጭ የድካሙን ዋጋ በ29ኛው ቀን ሊያጣ ይችላል።

እንደዚሁም የአሜሪካ የኮንክሪት ኢንስቲትዩት ደንብ ግዴታዎቹን ሁሉ በ«ሻል» ይጽፋል፤ ማብራሪያውን ግን ለብቻው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ማብራሪያው አያስገድድም። በደንቡ መሠረት ቶሎ እንዲጠነክር ተብሎ ያልተዘጋጀ ኮንክሪት ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሳይወርድ፣ እርጥበቱም ሳይለየው መቆየት አለበት። በ1995 የወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንቦችም ሆኑ በ2015 የአውሮጳን ደንቦች ተከትለው የወጡት በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው፣ እኛም የምንተዳደረው በዚሁ ቃል ነው።

ወደ አማርኛ ሲመለስ

ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። በአገራችን የግንባታ ሥራ በሦስት ቋንቋ የሚካሄድ ነው። የዕቃው ስም በአብዛኛው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ፌሮ፣ ስታፋ፣ ካዛፎርማ፣ አርማታ እንላለን። ግዴታው በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ትእዛዙ ግን ለፎርማኑ፣ ለግንበኛውና ለቀን ሠራተኛው የሚደርሰው በአማርኛ ነው። መሐንዲሱ በእነዚህ መካከል ቆሞ ሳያስበው ቀኑን ሙሉ ሲተረጉም ይውላል።

ታዲያ «ሻል»ን በምን እንተረጉመዋለን? የተለመደው «ይደረጋል»፣ «ይሠራል»፣ «ይፈተሻል» ማለት ነው። ይህ አነጋገር ከሕግ መጽሐፎቻችን የተወረሰ ነው፤ በሕግ ውስጥም ክብርና ክብደት አለው። ሕግ አውጪው ራሱ ይናገራል፤ ዳኛውም አነጋገሩን ያውቀዋል። በሥራ ቦታ ላይ ግን አንባቢው ዳኛ አይደለም። «ኮንክሪቱ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እስቲ እንመርምረው። ፎርማኑ ይህን ትእዛዝ ነው ብሎ ሊሰማው ይችላል። «ነገ እንግዳ ይመጣል» እንደሚባለው፣ ወደፊት የሚሆን ነገር ነው ብሎም ሊሰማው ይችላል። «ውሃ በእሳት ይፈላል» እንደሚባለው፣ የኮንክሪት ጠባይ መግለጫ ነው ብሎም ሊያልፈው ይችላል። በሦስቱም ፎርማኑ ከአማርኛ ሰዋስው አልወጣም። እንግሊዝኛው ግዴታንና ትንቢትን በአንድ ቃል እንደደባለቀ፣ የእኛም ግሥ በአንድ ቅርጽ ብዙ ይሸከማል።

ሁለተኛው ችግር አድራጊው መጥፋቱ ነው። እንግሊዝኛው ናሙና እንዲወሰድ ሲያዝ ብዙ ጊዜ ወሳጁን አይጠራም፤ አማርኛውም «ናሙና ይወሰዳል» ብሎ ይከተለዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ሥራ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የስፔሲፊኬሽኑ የአማርኛ አጭር መግለጫ ለፎርማኖች ተባዝቶ ነበር፤ በውስጡም በየሙሌቱ የኮንክሪት ኩብ እንደሚወሰድና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን እንደሚፈተሽ ተጽፏል። የሥራ ተቋራጩ ሰዎች ተቆጣጣሪው ይወስዳል ብለው ጠበቁ። ተቆጣጣሪው ሥራ ተቋራጩ ይወስዳል ብሎ ጠበቀ። የአንድ ወለል ኮንክሪት ፈሰሰ፤ በ28ኛው ቀን ወደ ላቦራቶሪ የሚላክ አንድም ኩብ አልነበረም። የተጠናቀቀው ወለል በመሣሪያ ተበስቶ ናሙና ወጣለት፤ ውጤቱም ደግ ሆነና ሁሉም እፎይ አለ። ነገር ግን የጠፋው ጊዜና ገንዘብ፣ በሁለቱም ወገን የተጻጻፈው ደብዳቤ ቀላል አልነበረም። ያን ጊዜ ሰነፍ የነበረ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። የጎደለው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለ ዕዳ ነበር።

የረዳት ግሥ ጉዳይ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮጳ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል ፈቃድ አደረገው፤ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። በዛሬው የመሐንዲሶች አከፋፈል፣ በአንዱ ወገን «ሜይ» የነበረው በሌላው ወገን «ሻል» ሆነ ማለት ነው። ነገሩ የተፈታው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራሮች ላይ ነው። ያ ስሕተት የታሰበበት ነበር ይባል ይሆናል፤ የእኛ ግን ሳናስብበት በየቀኑ የሚደርስ ነው።

እንግዲህ ለ«ሻል» የሚመጥን የአማርኛ ቃል ይጠፋ ይሆን? አይጠፋም። እንዲያውም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጥንታዊውን ፍች ጠብቆ የኖረ ቃል በእጃችን አለ፤ እርሱም «አለበት» ነው። «ዕዳ አለበት» እንላለን፤ «መሥራት አለበት» እንላለን። ገንዘቡም ሥራውም በአንድ ግሥ በሰውየው ላይ ይጫናሉ። እንግሊዞች ከሺህ ዓመት በፊት የነበራቸውንና ያደበዘዙትን ሥዕል አማርኛ ዛሬም ሕያው አድርጎ ይዞታል። ከዚህም በላይ ቃሉ ባለ ዕዳውን ሳይጠራ አይነገርም፤ አለብኝ፣ አለብህ፣ አለብን፣ አለባቸው ይላል እንጂ በአየር ላይ አይንሳፈፍም።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «ኮንክሪቱ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት» ብንል ዕዳውን የጫንነው በኮንክሪቱ ላይ ነው። ኮንክሪት ደግሞ ዕዳ ከፍሎ አያውቅም፤ ተከስሶም አይቀርብም። «ሥራ ተቋራጩ ኮንክሪቱን ለ7 ቀን ውሃ ማጠጣት አለበት» ስንል ግን ዕዳው ባለቤቱን ያገኛል።

የቀሩትም ቃላት የየራሳቸው እንቅፋት አላቸው። «ይችላል» የሚለው ቃላችን ፈቃድንም ችሎታንም ያጠቃልላል። «ሥራ ተቋራጩ ሌላ ዓይነት ሲሚንቶ መጠቀም ይችላል» ሲባል፣ ተፈቅዶለታል ነው ወይስ አቅሙ አለው? «ይገባል» ደግሞ በግዴታና በምክር መካከል ያወላውላል፤ «ልጅ አባቱን ማክበር ይገባዋል» እና «ትንሽ ማረፍ ይገባሃል» አንድ ክብደት የላቸውም። «ይሆናል» የሚለውማ ከነጭራሹ ወደ ጥርጣሬ ያደላል፤ «መጥቶ ይሆናል» ስንል ምናልባት ማለታችን ነውና። «የለበትም» ሲባል ደግሞ «መፈረም የለበትም» ክልከላ ሲሆን፣ «የመፈረም ግዴታ የለበትም» ግን ነፃ መውጣት ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ቃል በፍርድ ቤት ብዙ ታከራክራለች።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገሮችን ለማኅበራችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በአማርኛ በምናዘጋጃቸው ስፔሲፊኬሽኖች፣ የሥራ ትእዛዞችና የቁጥጥር ቅጾች ሁሉ የሚከተለውን አከፋፈል ብንስማማበት።

ለ«ሻል»፦ አድራጊው በስሙ ተጠርቶ «ማድረግ አለበት»።
ለ«ሻል» አፍራሽ፦ «ማድረግ የተከለከለ ነው»።
ለ«ሹድ»፦ «ቢያደርግ ይመረጣል»።
ለ«ሜይ»፦ «ማድረግ ይፈቀድለታል»።
ለ«ካን»፦ «ማድረግ ይቻላል»፤ ይህም ለሚሆንና ለማይሆን ነገር ብቻ እንጂ ለፈቃድ እንዳይውል።

ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው ካለ ያቅርብ። ቃሉ የትኛውም ይሁን፤ ዋናው ለአንድ ፍች አንድ ቃል ብቻ መያዙና ፍችውም በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፉ ነው።

ሁለተኛ፣ ማንኛውንም የግዴታ ዐረፍተ ነገር ከመፈረማችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው፦ ማን? እስከ መቼ? መፈጸሙስ በምን ይታወቃል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ዐረፍተ ነገር «ሻል» ቢኖርበትም ምኞት እንጂ ግዴታ አይደለም። «ሥራው በጥሩ ሁኔታ ይከናወናል» የሚለው የብዙ ሰነዶቻችን ዐረፍተ ነገር በዚህ መለኪያ ወዲያው ይወድቃል።

ሦስተኛ፣ ሁለት ቋንቋ ባለው ውል ውስጥ የትኛው ቅጂ የበላይ እንደሆነ አስቀድሞ ይጻፍ። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በ106ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና እንዲያገኝ ወስኗል። ሕገ መንግሥት ይህን ጥንቃቄ ካስፈለገው፣ ለአንድ የትምህርት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ ግንባታ ውል አያስፈልግም ማለት አይቻልም።

ይህን ሁሉ የምለው እንግሊዝኛን ለመንቀፍ ወይም ሰነዶቻችን ሁሉ በአንድ ቀን ወደ አማርኛ ይመለሱ ለማለት አይደለም። ደንቦቹ በእንግሊዝኛ ቢቀሩ እንኳ የሚፈጸሙት በአማርኛና በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች መሆኑን እንድናስታውስ ነው። አፋን ኦሮሞም፣ ትግርኛም፣ ሌሎቹም ለግዴታና ለፈቃድ የየራሳቸው አነጋገር አላቸው፤ እነዚያን የሚያውቁ ባልደረቦቻችን ይህንኑ ምርመራ በየቋንቋቸው ቢያካሂዱት ከእኔ የተሻለ ይሠሩታል።

የሕንፃ ጥንካሬ በሚሸከመው ክብደት ይሰላል፤ የጽሑፍም ጥንካሬ እንዲሁ ነው። አንድ ምሰሶ ክብደቱን ወደ መሠረቱ ካላስተላለፈ ጌጥ ነው። አንድ የግዴታ ቃልም ግዴታውን ወደ አንድ የታወቀ ሰው ካላስተላለፈ ጌጥ ነው። ከነገ ጀምሮ በጠረጴዛችን ላይ በሚቀርበው የመጀመሪያ ሰነድ ውስጥ ቃሉን በቀይ እርሳስ እያሰመርን ባለ ዕዳውን ብንፈልግ፣ ስንቱ ዐረፍተ ነገር ባለቤት እንደሌለው በዓይናችን እናያለን።